ሦስት ጊዜ ካልተለመንኩ

ሁሻንግ ኻን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝናብ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። በየማለዳው ራሽት ከተማ ዳር ወዳለው የአየር ጠባይ ጣቢያ ይሄዱና፣ በቆርቆሮው ማጠራቀሚያ ያደረውን ውኃ ወደ ቀጭኑ ብርጭቆ ገልብጠው፣ ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አንብበው፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ዝናብ በማያባራባት ራሽት ይህ ሥራ የማይነጥፍ ሙያ ነው። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን መለኪያ መረቀላቸው። እሳቸውም ጓሯቸው ውስጥ ከኮምጣጣው ብርቱካን ዛፍ ስድስት እርምጃ አርቀው ተከሉት፤ ከቅጠል የተንጠባጠበ ውኃ እንደ ዝናብ አይቆጠርማ።

ጦማር መጻፍ የጀመሩትም በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ ሃያ ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ በከተማው የማይጦምር ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ይጦምራል፤ የጋብቻ ውል ጸሐፊው ይጦምራል፤ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት በብዕር ስም ስለ ፍቅር እጦት ትጦምራለች፤ ባሏም ማን እንደሆነች ሳያውቅ «እንዲህ ያለችውን ሴት የማያከብር ባል ምን ዓይነት ድንጋይ ነው!» እያለ ከሥሯ ይጽፍላታል።

ሁሻንግ ኻን የሚጽፉት የዕለቱን ዝናብ ነበር። መጀመሪያ ሚሊሜትሩን፣ ቀጥሎ ዝናቡ ምን ምን እንዳደረገ፦ የማን ጣሪያ እንዳፈሰሰ፣ የማን ነጭ ሽንኩርት እንደበሰበሰ፣ የትኛው ጎረቤት ጃንጥላ ተውሶ ስንት ቀን እንዳቆየ። አንባቢ እንደ እንግዳ ነበር የሚመጣው። «ጽሑፍዎ አንጀት ያርሳል፤ እኛም ደጅ ብቅ ይበሉ» ብሎ ይሄዳል፤ እሳቸውም ያንኑ ቀን ጉብኝቱን ይመልሳሉ። የሰው ጦማር ላይ አስተያየት ከመጻፋቸው በፊት ታዲያ ኮታቸውን ይለብሳሉ።

«አሁን ማን ያይሃል?» ትላቸው ነበር ሚስታቸው ፑራን ኻኑም።

«በፒጃማ የሰው ቤት ይገባል እንዴ?»

ከሁሉ የሚራቀቁበት ግን ስንብቱ ነበር። በዚያ አገር ሻይ የቀረበለት ሰው ወዲያው አይቀበልም። መጀመሪያ «አይቸገሩ» ይላል፤ ሁለተኛ «ኧረ አሁን ጠጥቼ ነው» ይላል፤ ሦስተኛ ሲለመን «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ብርጭቆውን ያነሣል። ሊሄድ የተነሣ እንግዳም እንደዚያው ነው፤ ሦስት ጊዜ «ይቀመጡ» ካልተባለ ተባርሮ እንደ ወጣ ይቆጥረዋል። ሁሻንግ ኻን ይህን ሥርዓት ጦማራቸው ውስጥ አስገቡት። አንድ ጊዜ «ብዕሬን ሰቅያለሁ» ብለው ቢሰናበቱ፣ አርባ ሦስት ሰው ለመናቸው። እምቢ አሉ። ደግመው ለመኗቸው፤ እምቢ አሉ። ሲሰልሱ፣ በዘጠነኛው ቀን «የወዳጆቼን ቃል መርገጥ ስለማይሆንልኝ» ብለው ተመለሱ። ያልለመናቸው ቁድረት ብቻ ነበር።

ቁድረት የአንዛሊ ጀልባ ነጂ ነው። አንዛሊ ከራሽት የግማሽ ሰዓት መንገድ የሆነች የወደብ ከተማ ናት፤ የሁለቱ ሰዎች ጠብም ከሁለቱ ከተሞች የትኛው ይበልጥ ይዘንብበታል የሚል ነበር። በጦማሩ ይሰዳደባሉ እንጂ በዓይን ተያይተው አያውቁም። «አንተ የራሽት ደረቅ! ይኼም ዝናብ ተብሎ ይጻፋል? እኛ ጋ እኮ ላብ ነው የሚባለው!» ይላቸዋል። በዚያ ስንብት ጊዜ እንኳ የጻፈው «መሄዱን ሂድ፤ ግን ዛሬ አንዛሊ ሃምሳ አምስት ነው» የሚል ነበር።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ሰው ሁሉ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ተሰደደ። የጥርስ ሐኪሙ መጻፉን ትቶ የሰው ጥርስ ፎቶግራፍ ያሳያል። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ፍቅሩን እርግፍ አድርጋ ብርንጅል በእንቁላል ስትጠብስ ትታያለች፤ አርባ ሺህ ተከታይ አላት። ከአምስት ዓመት በፊት ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው ሽኩፌ ለአባቷም ስልክ ላይ ገጽ ከፈተችላቸው።

«አባዬ፣ አሮጌው ጦማር ላይ ‹ወዲህ ተዛውሬያለሁ፣ ተከተሉኝ› ብለን እንለጥፍ» አለቻቸው።

«ተከተሉኝ? በግ እየነዳሁ ነው እንዴ?» አሉ ሁሻንግ ኻን። «ሰው ‹የት ገባህ?› ብሎ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ራስን ማስፈለግ ነውር ነው።»

አልለጠፉም። አሮጌውን ጦማርም ተመልሰው አላዩትም።

አዲሱ ገጽ ላይ ግን የሚያናግራቸው ጠፋ። በዝናቡ፣ በጣሪያውና በጃንጥላው ላይ ብዙ ደክመው ጽፈው ሲለጥፉ ሰባት ልብ፣ ስምንት ልብ ይመጣል፤ ከዚያ ጸጥ ነው። «አባዬ፣ ሰው እስከ ሁለተኛው መስመር ነው የሚያነበው» አለቻቸው ሽኩፌ። «ልብ ይሰጡኛል እንጂ ቃል አይሰጡኝም፤ ለመሆኑ የሚያነበኝ አለ?» የምትለዋ ሐሳብ እንደ ጣሪያ ፍሳሽ ጠብ ጠብ ትልባቸው ጀመር። በመጨረሻ መላው መጣላቸው። ይሰናበታሉ። የሚያነባቸው ሰው ካለ ይለምናቸዋል። ከሌለስ የሚለውን አላሰቡትም። እንዲያውም የመመለሻቸውን ጽሑፍ «ልመናችሁ ስለ በዛብኝ» ብለው ጀምረው፣ በወረቀት ጨርሰው መሳቢያ ውስጥ አኖሩት።

አርብ ከምሳ በኋላ፣ የዓሣው ሰሃን ገና ሳይነሣ፣ «ወዳጆቼ ሆይ፣ የመሰናበቻዬ ቀን ደረሰ» ብለው ለጠፉ።

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ስንብቱ ከስልክ ስልክ ተዛምቶ ስድስት መቶ ልብ መጣ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ያህል ተወደው አያውቁም።

«ምን አሉ? ምን አሉ?» አለች ፑራን ኻኑም።

መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡላት። «‹ጀግና!› ይላል አንዱ። ‹ትክክለኛ ውሳኔ፤ ዕረፍት ይገባዎታል።› ‹መልካም መንገድ።› ይቺ ደግሞ ‹ፀጉርዎ ሳስቷል? ቅባት አለን› ትላለች።»

«ሌላስ?»

«‹ማን ነበሩ?› የሚልም አለ።»

ሁሻንግ ኻን ተስፋ አልቆረጡም። የዛሬ ሰው ሥርዓቱን ዘንግቶት ይሆናል፣ ላስታውሰው ብለው፣ ከሥሩ «ግድ የለም፣ እናንተንም ከማስቸግር እኔ ልሂድ» ሲሉ ጨመሩ። ይህ ለጨዋ ሰው በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነው። ሌላ ሠላሳ ልብ መጣ። በማግሥቱ «እነሆ፣ መሄዴ ነው» አሉ። ጭብጨባ ዘነበላቸው።

«ልሂድ ያልከው አንተ፤ ምን ያድርጉህ?» አለች ፑራን ኻኑም። «ተመለስና ጻፍ በቃ!»

«ማን ለመነኝ?»

«እኔ ልለምንህ። በሞቴ!»

«አንቺ የቤት ሰው ነሽ፤ አትቆጠሪም።»

«እንደ ቅጠል ጠብታ በለኛ!» ብላ ሰሃኖቿን እያንኳኳች ወጣች።

ሽኩፌም ከፋርማሲው ሆና «አባዬ፣ እባክህ አትሂድብን» ብላ ጻፈች። ሁሻንግ ኻን ወዲያው አጠፉት። ልጁን ልኮ አስለመነ ቢባሉስ?

በስድስተኛው ቀን ሰማዩ ተቀደደ። በማግሥቱ ማለዳ ጓሮ ወርደው፣ ብርጭቆውን አንሥተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስልሳ አንድ ሚሊሜትር። እንዲህ ያለ ቁጥር ይዘው የሚነግሩት ሰው አጡ። ገጹ ላይ እንዳይጽፉት ስድስት መቶ ሰው ሸኝቷቸዋል፤ ሳይጠሩ መመለስን ደግሞ ይሉኝታ አይፈቅድም።

«ስልሳ አንድ!» አሉ ወደ ኩሽናው።

«ያጠብኩት ልብስ በሙሉ ውጭ ነው ያደረው፤ ቁጥሩ ምን ያደርግልኛል?» የሚል መልስ መጣ።

እነዚያን የአርባ ሦስት ሰዎች ልመና አንብበው ለመጽናናት ብለው የሽኩፌን አሮጌ ኮምፒውተር ጨርቁን ገልጠው ከፈቱት። አሮጌው ጦማር እንደ ነበረ አለ። የመጨረሻው ጽሑፍ ሥር ግን ከሁለት መቶ የሚበልጥ አስተያየት ተደርድሯል። ሁሉም የቁድረት ነው።

የመጀመሪያው አምስት ዓመት ሆኖታል፦ «የት ገባህ፣ አንተ ደረቅ?»

ከዚያ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል መጥቷል። «አንዛሊ ሰባ ሁለት። ፈርተህ ነው ዝም ያልከው?» «አንዛሊ አርባ። እናንተ ጋ ስንት ጠብታ ወረደ?» «አሞህ ነው?» «ሞተህ ከሆነ ንገረኝ፤ ለቅሶ ልድረስ።» የመጨረሻው የዛሬ ጠዋት ነበር፦ «አንዛሊ ስልሳ ስምንት! አሁንስ? ውጣ እንጂ፣ ውጣ!»

ፑራን ኻኑም እርጥብ ልብስ በክንዷ ይዛ ከትከሻቸው በላይ አነበበች።

«ይኼ እኮ ስድብ ነው» አለች።

«የአንዛሊ ሰው ልመናው ይኸው ነው» አሉ ሁሻንግ ኻን። ተነሡና ኮታቸውን ለበሱ። እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆለፉት።

ጣታቸው የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ጥቂት ቆመች። ስድስቷን ሰባት ማድረግ ቀላል ነው፤ ሰባ አንድ ቢሉ አንዛሊ ድል ተመታች ማለት ነው። ግን ሠላሳ ዓመት አንዲት ሚሊሜትር ዋሽተው አያውቁም። የመሳቢያውንም ወረቀት አላወጡትም። እንዲህ ብለው ብቻ ጻፉ፦ «ራሽት ስልሳ አንድ። አሸነፍከኝ። ደጄ ላይ ቆመህ እንደነበር አላወቅሁም።»

ፑራን ኻኑም ልብሱን አስጥታ ሳትጨርስ መልሱ መጣ፦ «ስልሳ አንድ? ጤዛ ነው የለካኸው! በል፣ ነገስ ትጽፋለህ?»

ሁሻንግ ኻን ሁለተኛ እስኪጠየቁ አልጠበቁም።

«ነገም» አሉ።