ከሮቢት የተሳፈሩት ሴት

ከሮቢት የተሳፈሩት ሴት አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ ጣታቸው የሞተር ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። መስኖ ላይ የውኃ ፓምፕ እንደሚያንቀሳቅሱ ያወቅነው የሚኒባሱ ሹፌር ሲጠይቃቸው ነው።

አጠገባቸው ሀስና የምትባል ተማሪ ደብተሯን ገልጣ ታለቅሳለች። ቆቦ የአሥረኛ ክፍል የሂሳብ ፈተና ይጠብቃታል።

«ኤክስፕሬሽን፣ ኢኩዌሽን፣ ፋንክሽን፤ ሁሉም ኤክስ አለባቸው። አንዱን ካንዱ መለየት አቃተኝ» አለቻቸው።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ተቀብለው ደብተሩ ላይ ጻፉ። «ይኸውልሽ የኔ እናት፣ ኤክስ ሲደመር ሦስት ኤክስፕሬሽን ነው። ገና ምንም አላለም፤ እውነት ነው ሐሰት ነው አትይውም። እኩል ይሆናል አሥር ካልሽበት ግን ኢኩዌሽን ሆነ። እውነት የሚሆነው ኤክስ ሰባት ሲሆን ነው፤ እሱን ነው ፈልጊ የሚሉሽ።»

«ፋንክሽንስ?»

«እንደኔ ፓምፕ ነዋ። በሰዓት መቶ በርሜል ይስባል። ሁለት ሰዓት ካልሽኝ ሁለት መቶ፣ አምስት ካልሽኝ አምስት መቶ እልሻለሁ። ለምትሰጪኝ ሰዓት ሁሉ መልስ አለኝ፤ ለአንዱ ሰዓት ሁለት መልስ ግን የለኝም።»

ሀስና እንባዋን ጠርጋ የራሷን ምሳሌዎች ጻፈች። አንዱንም አልተሳሳተችም። ቆቦ ስንደርስ «አላህ ይስጥልኝ እትዬ፤ የት ነው የሚያስተምሩት?» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ከጉያቸው በፌስታል የተጠቀለለ የመፈተኛ ካርድ አወጡ። ፎቶው የራሳቸው ነው።

«ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ዳሩኝ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው የተመለስኩት» አሉና ቀድመዋት ወረዱ። «ነይ፣ የፈተናው በር ሳይዘጋብን።»