ሪራ ላይ የጠፋው ሞተር

ልጅ እያለሁ ከጅብም ከጅራፍም አብልጬ የምፈራት አንዲት የጥፍር ያህል ቀይ መብራት ነበረች። ዛሬም እዚህ ሮቤ፣ መኪናችን ውስጥ የባትሪው ምልክት ቦግ ሲል ልቤ ድንግጥ ይላል። ባለቤቴ "ጀመረሽ ደግሞ!" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ ያን ቀን ከደሎ መና ስንወጣ አልነበረም።

እናቴ ከጎጃም ተመድባ የመጣች የደሎ መና አስተማሪ ነበረች። ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም ገና ጡት ሳይጥል ሳንባ ምች ያዘው። ሲተነፍስ ደረቱ ሥር ስርጉድ ስርጉድ ይል ነበር፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ገና እንዳየችው "ዛሬውኑ ጎባ ሆስፒታል ይድረስ" አለች። አውቶቡሱ በጠዋት ሄዷል። የተገኘው ቡናና ማር ጭኖ ወደ ጎባ ሊወጣ የተሰናዳው የጎረቤታችን የጋሽ ሁሴን አሮጌ ፒክአፕ ብቻ ነበር። እናቴ ወንድሜን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጋቢና ገባች፣ እኔም መሃል ተሸጎጥኩ። የማሩ፣ የናፍጣውና የእርጥቡ ጆንያ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ሐረና ጫካ እንደገባን ከመሪው ፊት ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት በራች። ጋሽ ሁሴን ሞተሩን አጥፍቶ ኮፈኑን ከፈተ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቶ አገኘውና አጠበቀው። ስንነሳ መብራቷ ጠፋች፤ ጥቂት ሄደን ግን ተመልሳ መጣች። ደግሞ ወረደ፤ ባትሪው ጫፍ ላይ የተጋገረውን ነጭ ዱቄት በውሃ አጥቦ ሽቦውን አጥብቆ አሰረው። በዚህኛው ጊዜ ሞተሩ የተነሳው አቃስቶ አቃስቶ ነው። መብራቷ እንደሆነ ንቅንቅ አላለችም።

"ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም" አለ ላቡን በፎጣው እየጠረገ። "ናፍጣ ስለሆነ እስካላጠፋነው ይሄዳል። ካጠፋነው ግን ባትሪው አያስነሳውም። ኢንሻአላህ ጎባ እስክንደርስ አናጠፋውም።"

ለእኔ ደግሞ መብራቷን የመጠበቅ ሥራ ሰጠኝ። "ከጠፋች ንገሪኝ፣ እሺ የኔ ልጅ?" ምናልባት ዝም እንድልለት ብሎ ይሆናል። እኔ ግን ዓይኔን ከነቀልኩ ሁላችንም ያለቅን መሰለኝ። በአንድ ጆሮዬ ሞተሩን፣ በሌላው የወንድሜን ትንፋሽ እሰማለሁ። የቱ ቀድሞ ይቆም ይሆን እያልኩ በፍርሃት አለቅሁ።

ጫካው ውስጥ ካለችው መንደር፣ ሪራ ስንደርስ ጉም ወርዶ ነበር። የሳነቴ አቀበት ገና ከፊታችን ነው። ከጉሙ ውስጥ ጀናዛ፣ ሊቀበር የሚሄድ አስከሬን በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ብቅ አሉ። በእኛ አካባቢ ጀናዛ ሲያልፍ መኪና ይቆማል፣ ሞተር ይጠፋል፣ ሰው ወርዶ በአክብሮት ያሳልፋል፤ ማንም ቆም ብሎ አያስብበትም። ጋሽ ሁሴንም አላሰበበትም። እጁ ብቻውን ቁልፉን አዞረው።

ጸጥታው ምን እንደሆነ እስኪገባን ጥቂት ቆየን። ከዚያ ጋሽ ሁሴን "ያ ረቢ!" ብሎ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ቁልፉን መልሶ ቢያዞረው ጠቅ ከማለት በቀር ምንም የለም። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ተንደርድሮ አይነሳም፤ እንዳንገፋው መሬቱ ጭቃ፣ ጭነቱ ከባድ። እናቴ አልወቀሰችውም። ልጇን ታቅፋ ወረደችና እንደ ደንቡ ለሟቹ ቆመች። እኔ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ከፊት የሚሄዱት ባለ ነጭ ጥምጥም ሽማግሌ ቆም አሉና "ማል ታኤ?" ሲሉ ምን እንደሆንን ጠየቁ። ጋሽ ሁሴን በኦሮምኛ እየተንተባተበ ነገራቸው። ሽማግሌው ቀረብ ብለው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ወንድሜን አዩት።

"አባቴ፣ ቀብሩ በእኛ አይስተጓጎል። ይለፉ፣ ግድ የለም" አለቻቸው እናቴ።

"የእኛ ሰው ደርሷል" አሏት። "ያንቺ ገና መንገድ ላይ ነው።"

አራት ሰዎች ቃሬዛውን በትከሻቸው እንደያዙ ከመንገዱ ዳር ቆሙ። ሌሎቹ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ከመኪናው ኋላ ተደረደሩ። ሽማግሌውም ገፉ። ዓይኑ በለቅሶ ያበጠ አንድ ወጣት ከሁሉም ብሶ ይገፋ ነበር፤ የሟቹ ልጅ መሆኑን ጋሽ ሁሴን በኋላ ነግሮናል። መኪናው ተንገራገጨ፣ ጥቁር ጭሱን ለቀቀባቸው፣ ተነሳ። እኛ ሮጠን ገባን፣ እነሱ ወደ ቃሬዛቸው ተመለሱ። ማመስገናችንን እንኳ አላስታውስም።

ጎባ ደረስን፤ ሐኪሞቹም ተቀበሉን። ወንድሜ ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ እናቴ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም።

ዛሬ ባትሪ ሲደክም ስልክ ተመትቶ መካኒክ ይመጣል፣ ለታመመም አምቡላንስ ይጠራል። ደግ ነው፤ ያ ጭንቀት አይመለስብን። የእነዚያ ሰዎች ነገር ግን ይናፍቀኛል፤ እኔ ራሴ ሐዘን ላይ ሆኜ የሰው መኪና እገፋ ይሆን እላለሁ። ቢኒያም አሁን በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ትልቅ ሰው ሆኗል። እናቴ በበዓል ቀን ማዕድ ላይ የሞቱብንን ዘመዶች በየስማቸው እየጠራች ነፍስ ይማር ትላለች። የአባቷን፣ የእህቷን፣ የአጎቶቿን ስም ከጨረሰች በኋላ ያን ቀን ቃሬዛው ላይ የነበረውን፣ ስሙን የማታውቀውን ሰው ታስከትላለች፦

"ሪራ ላይ ቆሞ ያሳለፈንንም።"