አንድ ክንድ አፈር

እናቴ ሁለት የወተት ላሞች ነበሯት። ቤታችን ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር አለፍ ብሎ፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት ጋ ነው። ከጓሯችን ጀርባ የሰፈሩ ከብት የሚሰማራበት መስክ ነበር። መስኩ የድንጋይ ካባ ሆነና ድማሚት ይፈነዳበት፣ ገልባጭ መኪና ይመላለስበት ጀመር። ጫፉ ላይ አጥር እንዲሠራ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ባለቤቱን ለምነውት ነበር፤ አልሠራም። አንድ ቀን ድማሚቱ ሲፈነዳ፣ ልትወልድ ጥቂት ሳምንት የቀራት ላማችን ደንብራ ገመዷን በጠሰችና የካባው ገደል ገብታ ሞተች።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የካባውን ባለቤት ልታናግረው ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። ከጠዋት ጀምሮ የካባው በር ላይ ፀሐይ ሲመታን ቆየን፤ ሰውየው ለምሳ ሲወጣ የመኪናውን መስኮት በትንሹ ዝቅ አደረገ።

“አንቺ፣ ላም ያለው ሰው ላሙን ጠበቅ አድርጎ ያስራል” አላት።

እናቴ እናቱ ልትሆን የምትችል ሴት ነበረች። ስለ ላሚቱ ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራችም። “አንቺ” መባሏን ግን እስክትሞት አልረሳችም። ስትሞት ነገሩ ወደ እኔ ተላለፈ።

ከዓመታት በኋላ የካባው ድንጋይ አለቀ። ባለቤቱ ቦታውን ለግጦሽና ለአራዊት በሚሆን መልኩ መልሶ ሊያስረክብ ግዴታ ገብቶ ኖሯል። ርክክቡ ላይ ከመንግሥት ከሚላከው ባለሙያ ጋር የሰፈሩ ተወካይም መፈረም ነበረበት። አሁንም ላም የማረባ ስለሆንኩ ሰፈሩ እኔን መረጠ። ምን ያህል እንደተደሰትኩ ለማንም አልተናገርኩም።

ከርክክቡ በፊት ላሜን ይዤ መስኩ ገባሁ። ላሟ ሣሩን ስትነጨው ከነሥሩ እየተነቀለ አፏ ውስጥ ቀረ። አፈሩን ስስ አድርጎ እንዳለበሰው ገባኝ። በቀጠሮው ቀን ዲጂኖ ተሸክሜ ሄድኩ።

ከሩቅ ሲያዩት ቦታው ያምር ነበር። ጉድጓዱ ተደልድሎ አፈር ለብሷል፤ መሐሉ ላይ ለከብት ውኃ የሚሆን ኩሬ ቀርቶለታል፤ ዳር ዳሩን ባህር ዛፍ ተተክሎበታል። ሰውየው ሸምግሎ ከዘራ ይዟል። አላወቀኝም። “እህቴ፣ ይኸው መስካችሁን መለስን” አለኝ። ዲጂኖውን አንስቼ መሬቱን ወጋሁት። ስንዝር ያህል ገብቶ ድንጋይ ላይ ቋ አለ። አሥር እርምጃ ሄጄ ደገምኩ፤ ቋ። ባለሙያው መጻፉን አቆመ።

“አንተ” ልለው አፌ ላይ ነበር። ብዬው ቢሆን ተናዳ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

“ጌታዬ፣ ክረምት ሲገባ ይህ አፈር ታጥቦ ይሄድብዎታል። አንድ ክንድ አፈር ካላለበሱት አልፈርምም። ባህር ዛፉም ይነቀል፤ ከሥሩ ሣር አይበቅልም” አልኩት።

ገልባጮቹ ተመልሰው መጡ፤ አሁን ግን አፈር ይዘው። በሁለተኛው ርክክብ የኩሬው ዳር ገደል ስለነበር ከብት የሚወርድበት ሆኖ እንዲስተካከል አደረግኩ። እስከዚህ ያለው ትክክል ነበር። ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን በቀል ብቻ ነበር። በባህር ዛፉ ፈንታ ያስተከላቸው የወይራና የግራር ችግኞች ምንም አልሆኑም። እኔ ግን ተጠጋግተዋል ብዬ ተነቅለው እንደገና እንዲተከሉ፣ እሱም ራሱ ቆሞ እንዲያሠራ ጠየቅኩ። ጫማው በጭቃ ተውጦ፣ በከዘራው ተደግፎ ዝናብ ሲመታው ዋለ። ጃንጥላ ይዤ አየሁት። ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር፤ አላሳዘነኝም። ከተነቀሉት ችግኞች ብዙዎቹ ደረቁ። ያ የእኔ ጥፋት ነው።

የፈረምኩ ቀን ብዕሩን ስመልስለት፣ “ገደሉ የገባችው ላም ባለቤት ልጅ ነኝ” አልኩት።

ትንሽ አሰበ። “የቷ ላም?” አለኝ።

ሊያሾፍ አልነበረም፤ በእውነት ጠፍቶበት ነው። እናቴ ይዛው የሞተችውን፣ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩትን ነገር፣ እሱ አንድ ቀን እንኳ ይዞት አያውቅም። ፊርማዬን ብሰርዘው ደስ ባለኝ። ወረቀቱን ግን ባለሙያው ቦርሳው ውስጥ ከቶት ነበር።

ዛሬ መስኩ ላይ ሰርዶና ማገጥ ሞልቷል። ኩሬው ላይ ዳክዬ ያርፋል፤ ጅግራም ጫጩቶቿን ስታስከትል አይቻለሁ። ሰው ተፈጥሮ ወዳድ ነሽ ይለኛል። የበቀሉን ነገር አላነሳም።

ባለፈው በጋ ሰውየው ከከተማ ወጣ ብሎ ሌላ ካባ ሊከፍት መሆኑን አንድ ሾፌር ነገረኝ። በማግስቱ ከአየር ጤና ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ከብት የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች መንገድ ዳር አገኘሁና፣ ቁፋሮው ሳይጀመር አጥሩንም የአፈሩንም ጥልቀት በጽሑፍ እንዲያስይዙ መከርኳቸው።

“ምን አድርጎሽ ነው?” አለች አንዷ።

አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው።