ሁለት ጣት ከክርን ሥር

ወደ ልዩ ፍላጎት ክፍል የገባሁት ተምሬ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሴ ነው ያስገባኝ። የትምህርት ቤቱን ቢሮዎች ሳጸዳ ኖሬ ኖሬ፣ አንድ ቀን ገና ባልደረቀ ወለል ላይ በጫማዋ ከምትመላለስ ጸሐፊ ጋር አንድ ሁለት ተባባልን። በማግስቱ "ከዛሬ ጀምሮ የልዩ ፍላጎት ክፍል ረዳት ነሽ" ተባልኩ። ቅጣት መሆኑ ነው። ክፍሉ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ነበር፤ ድሮ የተሰበረ ወንበር ይከማችበት የነበረ፣ አንድ መስኮት ብቻ ያለው።

እዚያ ያገኘኋት ሴትዮ ናት እንግዲህ ወሬዬ። ሁላችንም ቲቸር ነበር የምንላት፤ ልጆቹም፣ እናቶቹም፣ እኔም። አጠር ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ከተቀመጠችበት "ወይ ወገቤ!" ሳትል የማትነሳ። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ብላት "ቅጣትሽን አታክብጂው፣ አንቺ በይኝ" አለችኝ። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔን አላምን ብያለሁ። አንዱ ልጅ አይሰማም፣ የሚያወራው በእጁ ነው። አንዷ አፍንጫዋን ካላስጠጋች አይታያትም፤ ቲቸር ፊደሉን በወፍራም ቀለም አግዝፋ ጽፋላታለች። አንዱ ከወንበር ጋር የተጣላ ይመስል ለአፍታ አይቀመጥም፤ እሱን ቁጭ በል ብላ ከመጨቅጨቅ ጠረጴዛውን ከፍ አስደርጋ ቆሞ ይጽፋል።

"እዚህ ምንድነው የሚሠራው?" አልኳት።

"ትምህርት ነዋ።"

"ለሁሉም ሌላ ሌላ?"

"አንቺ ጫማ ስትገዢ በጎረቤትሽ እግር ልክ ነው የምትገዢው?"

እኔን በነገር የሚረታ ሰው ብዙ የለም።

እሷም ድሮ መደበኛ ክፍል ነበር የምታስተምረው። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ እየደገመ እየደገመ፣ ሰነፍ ነው ተብሎ ሊባረር ሲል፣ እስቲ ብላ ከጀርባው ቆማ ስሙን ጠራችው። አልዞረም። ጮክ ብላ ጠራችው፣ አሁንም አልዞረም። ለካ ጆሮው ነው! "ስንቆጣው የኖርነው ባልሰማው ነገር ነው" ትላለች። ከዚያ በኋላ እሷው ተማሪ ሆና ገብታ ይሄን ሙያ ተማረች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ተጫዋች ሰው። ማታ በር ላይ ሊወስዳት ሲመጣ "የእኔ መኪና እንኳን በዓመት አንዴ ጋራዥ ትገባለች፣ አንቺ መቼ ነው የምትገቢው?" ይላታል። እሷ ትስቃለች፤ ግን ደረጃውን የምትወርደው ግድግዳ ይዛ ነው።

አለቃን ላስተዋውቃችሁ። አለቃ ያልኳት እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ናት፤ አትናገርም፣ ጆሮዋ እየሰማ ሲጠሯትም አትዞርም፣ ግን ክፍሉ በሙሉ የሚጠብቀው እሷን ነው። እሷ ሳትጨርስ ምሳ አያልቅም፤ እሷ ጫማዋን ሳታደርግ ማንም አይወጣም። ይህቺ አለቃ ካልተባለች ማን ሊባል ነው? እናቷ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት፣ አባት የለም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት እናት በር ቆልፋባት ነበር ሥራ የምትሄደው። "ምን ላድርግ ቲቸር፣ ካልሠራሁ ምን እንበላለን? ቁልፉን ካዞርኩ በኋላ ግን ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እቆም ነበር" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስትመለስ ልጅቷን ትታት በሄደችበት ጥግ፣ ምግቡንም እንዳለ ታገኘዋለች።

ማንኪያ ማንሳት ለእኔና ለእናንተ ምን ሥራ ነው? ለአለቃ ግን ዳገት ነበር። ቲቸር መጀመሪያ ላይ የልጅቷን እጅ በእጇ ሸፍና፣ ሩዙን ከሳህን እስከ አፍ አብራት ታደርሰው ነበር። ስንት ወር እንደዚያ! ከዚያ እጇን ወደ ልጅቷ እጅ አንጓ ሳብ አደረገች። ከዚያ ወደ ክርኗ። በመጨረሻ ሁለት ጣት ብቻ ከክርኗ ሥር ታስቀምጥላታለች፣ አለቃ ማንኪያዋን አንስታ ትበላለች። እሰይ አልን። እናቷ የቲቸርን ትከሻ ሳመች፣ አለቀሰች። እዚያው ላይ ቆምን። ሁለቱ ጣቶች እንደ ሳህኑና እንደ ማንኪያው የምሳ ዕቃ ሆነው ቀሩ፤ ልብ ብሎ ያያቸው ሰው የለም።

አንድ ቀን ቲቸር ወገቧን ልትታይ ሐኪም ቤት ዋለች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ለአለቃ ሩዟን አቀረብኩላት። ማንኪያዋን ያዘች፣ ቁጭ አለች።

"ብዪ እንጂ፣ አለቃዬ።"

ወይ ፍንክች! ሁለት ጣቴን እንደ ቲቸር ከክርኗ ሥር ሳስገባ እጄን እንደ ዝንብ አባረረችው። ለመንኳት፣ ዘፈንኩላት፣ ተቆጣኋት፣ ከሳህኗ ጎርሼ አሳየኋት። ሌሎቹ ጨርሰው ወጡ። እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ሩዙ ደርቋል፣ ልጅቷ ማንኪያዋን እንደያዘች ናት። የዚያችን እናት ፊት ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ለቲቸር ስነግራት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

"ጣቶቼ ምንም አያነሱም እኮ" አለች። "የምታነሳው ራሷ ናት። እኔ ነካ ብቻ ነው የማደርጋት። ሳልነካት አትጀምርም ማለት ነው። ማንኪያውን አስተማርኳትና ያለ እኔ ማንሳቱን ሳላስተምራት ቀረሁ።"

እንዲህ ያለ ስህተት ሰነፍ አስተማሪ አይሳሳትም፤ መጀመሪያውኑ መች እጁን ይሰጥና!

"ታዲያ አሁን ጣቱን አስተዊያት!" አልኳት።

"ጊዜ የለማ።"

ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል። ወገቧ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ልጅ ማንሳት፣ መጎንበስ፣ ትንሽ ወንበር ላይ መቀመጥ የለም። ሥራዋ የሚያበቃው በዚሁ የትምህርት ዓመት መጨረሻ ነው። እኛም ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

"ቲቸር፣ የምትተካዎት መምህር ሌላም ክፍል ደርባ ነው የምትይዘው" አላት። "ራሱን ችሎ የማይበላ ልጅ ወላጁ አብሮት መዋል አለበት። ደንቡ እሱ ነው፣ ምን ላድርግ?"

እናቷ አብራት ከዋለች ሥራዋን ታጣለች። ሥራዋን ካላጣች ደግሞ ያ ቁልፍ ይዞራል። ከዚህ ሌላ ሦስተኛ መንገድ አልነበረም፣ ሦስታችንም፣ እሱም ጭምር፣ አውቀነዋል።

ጀመርን እንግዲህ። ቲቸር ጣቶቿን ከልጅቷ ክርን ወደ እጅጌዋ ጨርቅ አሸሸች። ጨርቁን ብቻ ትነካላታለች፣ ልጅቷ ትበላለች። "እሰይ!" አልኩ። ከዚያ ጨርቁን ሳትነካ ጣቷን አጠገቡ አቆመች። አለቃ ማንኪያዋን ይዛ ጠበቀች። እኛም ጠበቅን። እሷ ግን በመጠበቅ ሁላችንንም ታስከነዳለች። በመጨረሻ ልጅ ተርቦ ከሚውል ብላ ቲቸር ነካቻት። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚሁ፣ በሚቀጥለውም።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ትለኛለች።

"የእኛዋ እንቁላል ገና ጫማዋን ስትፈልግ ዓመቱ ማለቁ ነው!" እላታለሁ።

መጀመሪያ ላይ እንስቅ ነበር። በኋላ ሳቁም ቀረ። ቲቸር ትራስ ተደግፋ ታስተምራለች፣ ማስታገሻ ውጣ ታስተምራለች። የማይሰማውን ልጅ በእጅ ምልክት ታናግራለች፣ ዘወር ትልና የወፍራሙን ፊደል ወረቀት ታስተካክላለች፣ ምሳ ሲደርስ አለቃ አጠገብ ቁጭ ትላለች። አንድ ቀን ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ወለል ሳጸዳ፣ ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ አገኘኋት።

"ደከመኝ" አለችኝ ቀና ሳትል። "ወገቤን አይደለም። እኔው ራሴ ደከመኝ። የሰው ልጅ እኔን አስለምጄ ልሄድ ነው።"

መጥረጊያዬን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ውጭ ባሏ ጡሩምባ ሲነፋ ደግፌያት ወረድን። እሱም ያን ቀን አልቀለደም።

የመጨረሻው ቀን መጣ። የምትተካት መምህር፣ ልጅ እግር ናት፣ ገና ከአሁኑ የደነገጠች ትመስላለች። ርዕሰ መምህሩም ልጅቷ ራሷን ችላ ትበላ እንደሆነ ለማየት ገባ። የአለቃ እናት የሆቴሉን ቱታ እንደለበሰች በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ፈቃድ የሰጧት ለምሳ ሰዓት ብቻ ነው። ቲቸር ሩዙን ራሷ አቀረበች። የልጅቷን ፀጉር ዳበስ አደረገችና "ልጄ፣ እኔ ውጭ ነኝ" ብላ ወጣች። መስኮቱ ጎን፣ ልጅቷ በማታያት በኩል ቆመች። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ትታየኛለች።

አለቃ ማንኪያዋን ያዘች። ጠበቀች። ባዶውን የቲቸር ወንበር አየችው። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን ሲያይ መጥረጊያዬ እጄ ላይ ባለመኖሩ ተጸጸትኩ። እናትየው ግድግዳውን በጥፍሯ ትፍቃለች። አዲሲቷ መምህር ልትረዳ ጠጋ ስትል "ተያት!" ብዬ ጮህኩባት፤ የመጀመሪያ ቀኗ ነው እንኳ አላልኩ። ሩዙ መቀዝቀዝ ጀመረ። እኔ በሆዴ፣ በቃ፣ ቁልፉ ሊዞር ነው እላለሁ።

ያኔ የአለቃ ግራ እጅ ከጭኗ ላይ ተነሳ። ቀስ ብሎ ደረቷን አቋርጦ ሄደ። ሁለት ጣቷን ቀኝ ክርኗ ሥር አስቀመጠች። የራሷን ሁለት ጣት! ነካ አደረገችው። ማንኪያው ተነሳ።

ጎረሰች። ሩዙ ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። እጇን ከክርኗ ሳታነሳ ደግማ ጨለፈች። እናትየው የቱታዋን እጅጌ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ታለቅሳለች። ርዕሰ መምህሩ "እንግዲህ... ትበላለች" ብሎ ወጣ። እኔ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

ቲቸር ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። መነጽሯን አውልቃለች፣ ፊቷ በእንባ ርሷል።

"አየሽ?" አልኳት።

"አየሁ። እኔ እንዲህ አላስተማርኳትም።"

"አዲሲቷ ይሄንን ቀስ በቀስ ታስተዋት ይሆን?"

ቲቸር ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ባሏ መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ይጠብቃታል።

"ንገሪያት፣ እንዳታስተዋት" አለችኝ። "የራሷ እጅ እኮ ነው። የትም አይሄድባትም።"