ለግራው

ጥቅሉ እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ደረሰ። ካርቶኑ ላይ በወፍራም ማርከር «ለግራው» ተብሎ ተጽፏል። ዛፍ ቆራጩ ጽሑፉን ሲያይ ፊቱ ፈታ አለ። ሦስት ሳምንት የጠበቀው ዕቃ ነው፤ ለግራ እግር የታዘዘ የገመድ መቆንጠጫ።

ሰውየው ራሱም የሚጠራው «ግራው» ተብሎ ነው። መጋዝ የሚይዘው በግራ እጁ ስለሆነ የወጣለት ስም ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው አሁን ቀበሌና ሐኪም ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ዛፍ ላይ ወጥቷል። ድሮ አወጣጡ ቀላል ነበር፤ እግሩ ላይ ሹል ብረት ያስራል፣ ግንዱን በቀበቶ ያቅፋል፣ ይወጣል። ባለፈው ክረምት ግን የቀኝ ጉልበቱ ከዳው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መብራት አንስቶ ካየ በኋላ «ከእንግዲህ በዚህ ጉልበት መርገጥ የለም» አለ። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ስለነበር ቤት ገብቶ ሌላ ታሪክ ማውራት አልተቻለም። ሁለት ነገር ቀረለት፤ ወይ መሬት ቆሞ ሌላ ሰው የቆረጠውን ቅርንጫፍ መሰብሰብ፣ ወይ ቀኝ እግሩን ሳይጠቀም መውጣት።

መሬት መቆሙን አንድ ወር ሞከረው። አንገቱን አንጋጦ ሌላ ሰው ሲሳሳት ማየት ከጉልበቱ የባሰ አመመው።

ስለዚህ በገመድ ለመውጣት ወሰነና ዕቃውን አንድ በአንድ መረጠ። ገመዱ የማይለጠጥ፣ ውፍረቱ አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር፤ መቆንጠጫዎቹ ላይ የተቀረጸው ልክ ከስምንት እስከ አሥራ ሦስት ስለሚል መሐሉ ላይ መሆን ይሻላል። ከዚያ የደረት መቆንጠጫ፣ ከዚያ የእጅ። የሁሉም ሥራ አንድ ነው፤ ወደ ላይ ሲገፏቸው በገመዱ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ወደ ታች ሲጫኗቸው ገመዱን በጥርሳቸው ነክሰው ይቆማሉ። የቀረው የእግሩ ነበር። ይህኛው ጫማ ላይ ይታሰርና ባለቤቱ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ገመዱን ይረግጥበታል። ችግሩ እንደ ጫማ ግራና ቀኝ አለው። ሱቅ የሚቀመጠው የቀኙ ነው፤ የግራ የፈለገ ያዝዛል።

በስልክ ያዘዘለት የሚስቱ ወንድም ነው፤ ከታች ሆኖ ገመድ የሚይዝለት፣ ራሱ ግን ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል መቀየር የሚፈራ ሰው።

የዛሬው ዛፍ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ትልቅ ቅርንጫፍ ተሰንጥቆ የአንደኛ ክፍል ጣሪያ ላይ አዘንብሏል። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ የጉልበቱን ወሬ ስለሰማች ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነግራዋለች፤ ቅርንጫፉ ዛሬ ካልወረደ ነገ ማሽን መጥቶ ዛፉን ከሥሩ ይጥለዋል፣ እሱም ከዚህ በኋላ እዚህ ግቢ ዛፍ ላይ አይወጣም።

ዛፉ ሥር ካርቶኑን በቢላ ከፈተ። ዕቃውን አወጣ፣ ግራ ጫማው ላይ ለካው፣ ገለበጠው፣ መልሶ ለካው።

«ይሄ የቀኝ ነው።»

«ጋሼ፣ እስቲ በደንብ እየው» አለ የሚስቱ ወንድም።

«እግሬን እኮ አውቀዋለሁ።»

«ካርቶኑ ላይ ለግራው ይላል።»

«እና ካርቶኑን ልርገጥበት?»

ሻጩ በሦስተኛው ጥሪ ስልኩን አነሳ።

«ዕቃው አልደረሰም እንዴ?»

«ደርሷል። ግን የቀኝ ነው።»

«አዎ፣ የቀኝ ነው።»

«ያዘዝነው የግራ ነበር።»

«ወንድሜ፣ እዚህ የጻፍኩት "የእግር መቆንጠጫ አንድ፣ ለግራው" ይላል። ግራው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ለአንተ አይደል የላክነው?»

ሰውየው ካርቶኑን አገላብጦ ጽሑፉን እንደገና አነበበ።

«ኧረ እኔ ግራ ገባኝ» አለ ሻጩ።

«አንተስ ግራ ገባህ። ግራው ያልገባው ለእኔ ነው።»

የግራው ከመጪው ሐሙስ በፊት አይደርስም ተባለ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ሚስቱ ወንድም ዞረ። «ቃል በቃል ምን ነበር ያልከው?»

«ለግራው ነው አልኩ። ለግራ እግር ማለቴ ነው። ደግሞ ለአንተም ነው። በየትም በኩል ብታየው ልክ ነኝ።»

«የሚያናድደኝም ልክ መሆንህ ነው።»

ገመዱን በክብደት ወርውሮ ጤነኛ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፎ አሰረ፤ የቀኙንም ግራ እግሩ ላይ አሰረው። መቆንጠጫው ወደ ውስጥ መሆን ሲገባው ወደ ውጭ ዞረ። መሬቱን ብዙም ሳይለቅ ሦስት ጊዜ ረገጠ፤ በአራተኛው ገመዱ ከጥርሱ ተፈናጥሮ ወጣና ሰውየው በደረቱ መቆንጠጫ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቀኝ እግሩ ሳያዘው ግንዱን ረገጠ። ከሕመሙ ዓይኑ ጨለመ።

«ጋሼ፣ ዕቃው የቀኝ ከሆነ በቀኙ ቀስ እያልክ ብትሞክረውስ?»

«ለእህትህ ደውለህ አስፈቅድልኝና።»



ሰውየው መቆንጠጫውን ፈትቶ ካርቶኑ ውስጥ ወረወረው። ቀሪዎቹን ሁለቱን መሬት ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው ቆየ። ከዚያ ሰፊ ጠፍር አወጣና አንዱን ጫፍ ለግራ እግሩ ቀለበት አድርጎ ቋጠረ፣ ሌላውን ከእጅ መቆንጠጫው ጋር አያያዘው። በደረቱ መቆንጠጫ ላይ ይቀመጣል፣ የእጁን ወደ ላይ ይገፋል፣ ቀለበቱ ግራ እግሩን ይዞት ይወጣል፣ ይቆምበታል። እጁ ላይ ካለው ብረት ወደ ወገቡ ሌላ አጭር ገመድ አሰረ፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዘዋል።

የጠፍሩ ልክ ግን አላስቀምጥ አለው። መጀመሪያ ረዘመና በአንድ መቆም አንድ ስንዝር ብቻ ወጣ። አሳጠረው፤ ጉልበቱ አገጩን ሊመታ ደረሰ። ፈታው፣ ተሳደበ፣ እንደገና ቋጠረው። በሦስተኛው፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም የእጁ መቆንጠጫ ከደረቱ በላይ የሁለት ጣት ያህል ብቻ ራቀ። ይሄ ነው ልኩ።

መቀመጥ፣ መግፋት፣ መቆም። ድሮ በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው አሥራ ሁለት ሜትር አንድ ሰዓት ፈጀ። ኃላፊዋ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ አንጋጠጠች።

«ሰውየው እንቅልፍ ወስዶት ነው?»

«እያሰበ ነው» አለ የሚስቱ ወንድም።

ከላይ ሁሉም ይሰማል። የእጁን መቆንጠጫ ገፋና ቆመ። የተሰነጠቀው ቅርንጫፍ ጋ ሲደርስ ግን መጋዙ ግራ እጁ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ቅርንጫፉን እየከፋፈለ፣ እያንዳንዱን በገመድ እያሰረ ለታችኛው ሰው አወረደለት። አሥር ሰዓት ላይ ጣሪያው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

ኃላፊዋ ጣሪያውን ዞራ አየችው። አንድም ቆርቆሮ አልተነካም።

«ማሽኑ አይምጣ እላቸዋለሁ» አለች። «ሌላ ጊዜ ግን ጠዋት ይጀምሩ።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበር። «እሺ» አላት።

እያነከሰ ገመዱን ጠቀለለ። የሚስቱ ወንድም የቀኙን መቆንጠጫ የያዘውን ካርቶን ዘግቶ ለሻጩ የሚላከውን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ምን ልበል?»

«የግራ እግር በል። እግር የምትለዋን ቃል አስምርባት።»

«ለማን?»

ሰውየው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አየ።

«በእህትህ ስም አድርገው።»