የሚያጣብቀው

ባለቤቴ ከካንሰሩ ተረፈ፤ እግሮቹ ግን አልተረፉም። ሕክምናው ነርቩን ነክቶት ሌት ተቀን ያቃጥለዋል። ኪኒኑ ሆዱን ሲፈጀው ሐኪሙ ራሱ «እስቲ ሄምፑን ሞክረው» አለው። ሄምፕ የካናቢስ ወገን ነው፤ የማያሰክረው፣ እዚህ አገር በረንዳ ላይ ቢተክሉት የማይከለከለው። ችግኙን ገዝተን ሽዋመንዲንገን የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተከልነው። እሱ ማጎንበስ አይችልም፤ የማጠጣውም፣ ትሉን የምለቅመውም እኔ ነበርኩ። ብርዱ ሲገባ ሕመሙ ይብስበታል፤ ደርቆ በቅቤ ተንተክትኮ ቢወስደው እንቅልፍ ያገኝ ይሆናል ብለን ያለን ተስፋ እሱ ብቻ ነበር።

አበባው ሲደርስ ቆርጬ አጠብኩት። ከላያችን ያለችው ጎረቤት ምንጣፏን የምታራግፈው በእኛ ላይ ነው፤ ሳይታጠብ እንዴት ይሆናል! በመጀመሪያው ባልዲ ለብ ያለ ውሃ ከሎሚና ከቤኪንግ ሶዳ ጋር፣ በቀሩት ሁለቱ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ። ግንዱን ይዞ መንከር፣ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ፣ ማንጠፍጠፍ። ማሸት የሚባል ነገር የለም። አበባው ላይ የሚያጣብቀው ሙጫ ነው መድኃኒቱ፤ እሱ ከሄደ የቀረው ገለባ ነው። ፀሐይም ኃይሉን ይገድለዋልና መኝታ ቤቱን አጨልሜ፣ አበባውን ገመድ ላይ ቁልቁል ሰቅዬ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሥራ ሄድኩ።

በዚያው ቀን እትዬ ከጄኔቭ መጡ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናት ሆነው ያሳደጉት። ጴንጤ ናቸው፤ እንኳን ካናቢስ፣ ሲጋራ የተጨሰበት ክፍል ውስጥም አይቀመጡም። ባለቤቴ ፈራና «የሐኪም የሻይ ቅጠል ነው» አላቸው። የሻይ ቅጠል!

ስመለስ ገመዱ ባዶ ነው። በረንዳው ላይ አንሶላ ተነጥፏል፤ ስንት ወር የለፋሁበት አበባ ተጨማዶ ፀሐይ ይሞቃል።

«አንቺ ልጅ፣ ቅጠል በጨለማ ይደርቃል እንዴ? ሊሻግትባችሁ ነበር እኮ!» አሉኝ፣ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ። «ደግሞ በደንብ አላጠብሽውም፣ ያጣብቃል። በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ እንደ ጎመን አሽቼ አሽቼ ነው ያስለቀቅኩልሽ።»

አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ግን እሳቸው ምን ያድርጉ? እኛ ዘንድ ቅጠል የሚታጠበው እንደዚያ ነው፤ እኔም ባላውቅ እንደዚያው ነበር የማደርገው። ያንገበገበኝ እሱ ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ሲያሹት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቷል።

እትዬ ሊጸልዩ ገባ ሲሉ «እያየህ ዝም?» አልኩት።

«ምን ልበላት ታዲያ? ወንድምሽ ሐሺሽ ይጠቀማል ልበላት?»

«ሐሺሽ አይደለማ! ሐኪሙ የነገረህን ንገራቸው!»

«አይገባትም። በናትሽ ተይኝ።»

ተውኩት። ምን አደርገዋለሁ? የደረቀውን እንደነገሩ አንተክትኬ ሰጠሁት፤ ምንም አላደረገለትም። ሲያቃስት እኔም አብሬው ሳልተኛ እያደርኩ ሥራ እገባለሁ።

አንድ እሁድ ከሰዓት እትዬ ከጄኔቭ ደወሉ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እግሩን ጭኔ ላይ አድርጌ በቀዝቃዛ ፎጣ እጠቀልልለታለሁ። ፎጣው ሲነካው ጥርሱን ይነክሳል። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

«ቅጠሉ እንዴት ነው? ተሻለህ?»

«በጣም እንጂ እትዬ! እንደ ሕፃን ነው የምተኛው።»

«ተመስገን! እኔ ባልደርስ ሚስትህ አሻግታብህ ነበር።»

ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ።

«እሷማ ምን ታውቃለች» አለና ሳቀ።

ለእሳቸው ሳቁ፣ ለእኔ ማቃሰቱ። እግሩን ከጭኔ ላይ አውርጄ ተነሳሁ።