ሥሩን አደራ

ፊደል ያስቆጠሩኝ አያቴ ካረፉ ወዲህ ከጓሯችን ጋን አጠገብ የምቆመው እኔ ብቻ ነኝ። አንገቱ የተሰበረ ጋን ነው። ከወንዝ ያመጧቸውን ትንንሽ ዓሣዎች ያኖሩበት ነበር፤ ቄጠማም ተክለውበት ሥሩ እንደ ጢም ውኃው ውስጥ ተንጠልጥሏል። ጎረቤት "ውኃው ሳይቀየር እንዴት አይሸትም?" ሲላቸው፣ "የዓሣውን እድፍ ሥሩ ይበላዋል፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?" ብለው ይስቁ ነበር።

አምና ለፋሲካ ጣሊያን ወንዙ ዳር ሰፍሮ ስለነበር ወርዶ ቄጠማ የሚያጭድ ጠፋ። ታናሽ አክስቴ ማጭዷን ይዛ ወደ ጋኑ መጣች።

"አባዬ፣ ቤታችን ሳይጎዘጎዝ ፋሲካ ሊውል ነው?"

"እጨጂ ልጄ፤ ሥሩን ግን አደራ! ከነቀልሽው እኛ በዓል ስናከብር እነሱ ይሞታሉ።"

"ለዓሣም አደራ ይባላል እንዴ?" እያለች፣ እየሳቀች አጨደች።

ዘንድሮ በጾሙ መካከል አያቴን ንዳድ ወሰዳቸው። የሐዘን ቤት አይጎዘጎዝምና ፋሲካ ሲደርስ ቄጠማውን የነካው የለም፤ ቁመቱ እኔን አከለ። ዓሣዎቹ የሚዋኙበት ውኃ እንደ ጠበል ጠርቷል። ጎንበስ ስል የራሴ ፊት ብቻ ይታየኛል፤ ድሮ ሁለት ፊት ነበርን።

ትናንት አክስቴ "ለጥጃው ይሁን፣ ጋኑን ወረሰው" ብላ ቄጠማውን ከነሥሩ ልትነቅል ጨበጠችው።

"እጨጂ እቴቴ፤ ሥሩን ግን አደራ!" አልኳት።

ደንግጣ ለቀቀችው። ዞር ብላ ያየችው ከኋላዬ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር።